የኔትወርክ ማማ የቀበሌ ወሰን አያውቅም

ለገጠሩ ኅብረተሰብ ኑሮ መሻሻል መንገድ፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ አስፈላጊ የሆኑትን ያህል የመገናኛ አገልግሎትም አስፈላጊ መሆኑ ዛሬ የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። በየቀበሌው በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ «ኔትወርክ ይግባልን» የሚለው ጥያቄ ከመንገድና ከመብራት ጥያቄ ጎን ተሰልፎ ይቀርባል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሊታሰብበት የሚገባው አጠያየቁ ነው። ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ቀበሌ ለብቻው ደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ ማማው በእኔ ወሰን ውስጥ ይቁምልኝ ይላል። ጎረቤቱም ያንኑ ይላል። በዚህ መሀል ጥቂት የማይባሉ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሁለቱም ያለ ኔትወርክ ይቀራሉ። ይህ አሠራር መለወጥ ይኖርበታል። ሊለውጡት የሚችሉትም በቅድሚያ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ናቸው።

በደጋም ይሁን በቆላ፣ ኔትወርክ በማይደርስባቸው ብዙ ቀበሌዎች አንድ የታወቀ ጉብታ አለ። ስልክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። እረኛው ከብቱን እያገደ፣ ነጋዴው አህያውን ጭኖ ሲያልፍ፣ ተማሪው ውጤቱን ለመስማት እዚያ ላይ ይቆማል። ልጇ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄደችባት እናትም በቀጠሮው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ዳገቱን ትወጣለች። ልጅቱ የዕረፍት ሰዓቷን ጠብቃ የምትደውለው በዚያች ቀንና ሰዓት ነው። እናት ዝናብ ይዟት፣ ጎርፍ አግዷት ከቀረች ሁለቱም እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በሐሳብ ይሰነብታሉ።

ናፍቆት ቢዘገይም ይቻላል። የማይዘገይ ነገር ሲመጣ ግን ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሌሊት ምጥ የጠናባት ወላድ ባሏ በጨለማ ጉብታው ላይ እስኪወጣ፣ አምቡላንስ ጠርቶ እስኪወርድ አትጠብቅም። በስንዴው ላይ ዋግ የታየበት ገበሬ የልማት ሠራተኛው ዘንድ መልእክት የሚልከው በገበያ ቀን በሚሄድ ሰው እጅ ከሆነ፣ መልሱ እስኪመጣ በሽታው ከማሳ ወደ ማሳ ይሻገራል። ከከተማ የሚመጣው እህል ገዢ የዕለቱን ዋጋ በኪሱ ባለው ስልክ አረጋግጦ ሲደርስ፣ ሻጩ ገበሬ ያለፈውን ሳምንት ዋጋ ይዞ ይጠብቀዋል። በእንዲህ ያለ ግብይት ማን እንደሚጎዳ መናገር አያስፈልግም።

በኢትዮጵያ ስልክ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ባገናኘው የሽቦ መስመር ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋምም ሆነ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ስልክ ማለት እንጨት ተተክሎ፣ ሽቦ ተዘርግቶ የሚገባ አገልግሎት ነበር። ሽቦው ዋናውን መንገድ ተከትሎ ስለሚሄድ ከመንገድ የራቀ ገበሬ ከስልክም የራቀ ነበር። በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የሞባይል ስልክ ይህን ሁኔታ ለወጠው። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተመሠረተ፤ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። በዚህም ምክንያት ገበሬው ጥያቄውን የሚያቀርብበት በር ከአንድ ወደ ሁለት ከፍ ብሏል።

በስልክ የሚሰጠውም አገልግሎት ከወሬ መለዋወጥ አልፏል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የተባለው ነፃ የግብርና ምክር መስመር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች ደውለውበታል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌ ብር ገንዘብን በስልክ ለመላክና ለመቀበል አስችሏል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሞገዱ በማይደርስበት መንደር ውስጥ እንደሌለ ይቆጠራል። አገልግሎቱ በበዛ ቁጥር ኔትወርክ ባለውና በሌለው ገበሬ መካከል ያለው ልዩነትም እየሰፋ ይሄዳል።

ሞገዱ የሚቀረው ለምንድን ነው?

አንድ መሪ ተገቢውን ጥያቄ በተገቢው ቦታ ለማቅረብ እንዲችል የነገሩን አሠራር በመጠኑ ማወቅ ይኖርበታል። በብዙ ስብሰባ ላይ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ሬዲዮ ከሩቅ አገር ተሻግሮ ገደል ውስጥ ይሰማል፤ ከአጠገባችን ካለው ማማ ስልካችን የማይይዘው ለምንድን ነው?» የሚል ነው።

መልሱ በሞገዱ ርዝመት ላይ ነው። በመካከለኛ ሞገድ በ1,000 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራጭ የሬዲዮ ሞገድ ርዝመቱ 300 ሜትር ነው። እንዲህ ያለው ረጅም ሞገድ መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ጉብታውንም ጎንበስ ብሎ ያልፈዋል። በ900 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ የስልክ ሞገድ ግን ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በ2,100 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው ደግሞ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አጭር ሞገድ ጠባዩ ወደ ብርሃን ይጠጋል። ጋራ ሲጋርደው ከኋላው ጥላ ይጥላል። ስለዚህ የስልክ ማማ በጨለማ እንደ ተሰቀለ ፋኖስ ቢታሰብ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ፋኖሱ የሚታይበት መንደር ብርሃኑን ያገኛል፤ ከሸንተረሩ ጀርባ ያለው አያገኝም። ከሁለቱ ሞገዶች ረዘም ያለው፣ ማለትም የ900 ሜጋ ኸርዙ፣ ይበልጥ ርቆ ይሄዳል፤ ጉብታና ዛፍም በመጠኑ ይችላል።

ፋኖስ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ብርሃኑ ሩቅ እንደሚታይ ሁሉ፣ የማማም ዋናው ጉልበት ከፍታው ነው። መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት የተለመደ ስሌት መሠረት፣ በሜዳ ላይ የቆመ 30 ሜትር ማማ የሚያየው የምድር ጠርዝ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በማማው ላይ 10 ሜትር ቢጨመርበት የሚገኘው ትርፍ ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ያው 30 ሜትር ማማ ከሜዳው 200 ሜትር ከፍ በሚል ሸንተረር ላይ ቢቆም ግን ጠርዙ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይሸሻል። ብረት ከመጨመር ቦታ መምረጥ ይበልጣል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ዳር ባለው በፉሪ ተራራ ላይ የማሠራጫ ማማዎች የቆሙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ማየት ብቻ አይበቃም። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሞገዱ ኃይል፣ መሀል ምንም ጋራጅ ባይኖር እንኳ፣ ወደ ሩብ ይወርዳል። ማማው በአሥር የሚቆጠር ዋት ኃይል ሊኖረው ይችላል፤ በ900 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ የሁለተኛ ትውልድ የእጅ ስልክ ግን ከፍተኛው ኃይሉ 2 ዋት ብቻ ነው። ማማው ይጮሃል፤ ስልኩ ያንሾካሽካል። ስልኩ ላይ የኔትወርክ ምልክት እየታየ ጥሪው እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስልኩ ማማውን ሰምቶታል፤ ማማው ግን ስልኩን አልሰማውም። ከዚህም ሌላ የሁለተኛው ትውልድ ስልክ በተለመደው አሠራሩ ከማማው ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አይሠራም።

ሁለተኛው ነገር፣ ከፍታ ሲበዛም ችግር መኖሩ ነው። በተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ማማ ሩቁን ሜዳ እያየ ከራሱ ተራራ ሥር፣ ከገደሉ በታች ያለውን መንደር ሊስተው ይችላል። ፋኖስ ከራሱ በታች እንደሚጨልም መሆኑ ነው። ማማው ከሌላ ማማ ጋር በሞገድ ወይም በፋይበር ገመድ መያያዝም ይኖርበታል። በሞገድ የሚያያዝ ከሆነ ሁለቱ ማማዎች ያለ ጋራጅ መተያየት አለባቸው። ስለዚህ ተስማሚው ቦታ ከሁሉ የረዘመው ጫፍ ላይሆን ይችላል። ብዙ መንደር የሚያይ፣ ሌላ ማማ የሚያየው፣ መኪና የሚደርስበትና ጥበቃ የሚያገኝ ቦታ ነው የሚፈለገው።

ወሰኑ ለመሬት የተሠመረ ነው

የገበሬ ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሲደራጁ አንድ ማኅበር የሚያቅፈው መሬት ቢያንስ 800 ሄክታር እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ወሰኖች ተቀላቅለዋል፣ ቀበሌዎችም ሰፍተዋል። ያም ሆኖ የወሰኑ አሳብ በሰው ልብ ውስጥ እንዳለ ነው። 800 ሄክታር ማለት 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጋራ በማይጋርደው አገር በዙሪያው 10 ኪሎ ሜትር የሚያዳርስ አንድ ማማ 314 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ይህም የያኔው ዓይነት 39 ማኅበራት የሚይዙት መሬት ነው። በተራራማ አገር ቁጥሩ በብዙ ይቀንሳል፤ ቢሆንም የአንድ ቀበሌ ብቻ የሚሆን ማማ እምብዛም የለም።

ወሰኑ የተሠመረው ለእርሻና ለግጦሽ መሬት እንጂ ለሞገድ አልነበረም። «ማማው በእኛ ቀበሌ ይቁም» ብሎ መጣላት ዝናብን በወሰን ለመካፈል እንደ መሞከር ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንዱ ከሸንተረሩ ላይ፣ ሌላው ከሸንተረሩ ሥር ያሉ ሁለት ጎረቤት ቀበሌዎች ቢኖሩ፣ የታችኛው ቀበሌ ጽሕፈት ቤትና ገበያ ያለው በሸለቆው ውስጥ ነው። መሪዎቹ ማማው ከገበያው አጠገብ እንዲቆም ይጠይቃሉ። ቢፈቀድላቸው እንኳ ማማው የሚያየው ገበያውን፣ ጽሕፈት ቤቱንና በዙሪያው ያሉትን ጥቂት ቤቶች ብቻ ይሆናል፤ ከሸለቆው ክንድ ባሻገር ያሉት የራሳቸው ጎጦች በጥላ ውስጥ ይቀራሉ። ማማው በጎረቤታቸው ሸንተረር ትከሻ ላይ ቢቆም ኖሮ ገበያውንም፣ እነዚያን ጎጦችም፣ የላይኛውን ቀበሌም ባየ ነበር። ይህን ለመቀበል የሚያስቸግረው ቴክኒኩ አይደለም፤ «የእነርሱ ማማ» የሚለው ቃል ነው። በየአካባቢው ያሉ መሪዎች በዚህ ረገድ ራሳቸውን መሂስ ይገባቸዋል። ኔትወርክ የሚጠየቀው ለጽሕፈት ቤቱ ነው ወይስ ከገደሉ ሥር ላለችው ወላድ?

ይህ ጥያቄ ሌላም ነገር ያስነሣል። በስብሰባ ላይ የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ ለመንገድና ለገበያ የሚቀርቡት ናቸው። ሩቅ ያለው ጎጥ ነዋሪ፣ በተለይም ሴቶች፣ ወደ ስብሰባው መምጣት እንኳ ይቸግራቸዋል። የማማ ቦታ ሲታሰብ የእነርሱ ድምፅ ካልተሰማ፣ ኔትወርክ ያለው ሰው ሁለተኛ ኔትወርክ አግኝቶ የሌለው እንደሌለው ይቀራል።

ከመሪዎች የሚጠበቀው ሥራ

«ማማ መትከል የድርጅቱ ሥራ ነው፤ ገበሬውን ምን አገባው?» የሚሉ አይጠፉም። መትከሉ በእርግጥ የድርጅቱ ነው፤ ቦታውንም በመጨረሻ የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። መሐንዲሱ ካርታና የሒሳብ መሣሪያ አለው። ነገር ግን በክረምት የትኛው መንገድ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ተዳፋት እንደሚንሸራተት፣ በገበያ ቀን ስንት ሰው የት እንደሚሰበሰብ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ድርጅቱም ማማ ሲተክል የደንበኛውን ብዛት ያሰላል። በቁጥር የተደገፈ የአምስት ቀበሌዎች የጋራ ጥያቄ፣ «ሕዝባችን ተቸግሯል» ብቻ ከሚል የአንድ ቀበሌ ደብዳቤ ይልቅ ክብደት ይኖረዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጥናት ነው። ጥናት ሲባል ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሁለት ወጣቶች፣ አንድ ደብተርና የሁለቱም ድርጅቶች ሲም ካርድ ያለበት አንድ ስልክ ይበቃል። ወጣቶቹ በየጎጡ እየዞሩ፣ በጤና ኬላው፣ በትምህርት ቤቱ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በውሃ ቦታውና ከሁሉ ራቅ ባለው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ይደውላሉ። በስልኩ ላይ የሚታየው ምልክት ብቻውን መረጃ አይሆንም፤ ከላይ እንደ ተገለጸው ምልክት እየታየ ጥሪ ላይሄድ ይችላልና። መጻፍ ያለበት ጥሪው መሄዱና ድምፁ መሰማቱ ነው። ሙከራው ጠዋትና ማታ፣ ከቤት ውጭና ከቤት ውስጥ፣ ምንጊዜም በዚያው ስልክ መደረግ አለበት። ስልክ በተቀያየረ ቁጥር ውጤቱም ይቀያየራል።

ከዚህ በኋላ የተገኘው ውጤት በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በንድፍ ይሰፍራል። ጋራው፣ ወንዙ፣ መንገዱና መንደሩ ተሥሎ፣ ስልክ የያዘበት በአንድ ቀለም፣ ያልያዘበት በሌላ ቀለም ይመለከታል። በየጎጡ ያለው አባወራና እማወራ ብዛት፣ ስልክ ያላቸው ሰዎች ቁጥር፣ ከአምቡላንስ መንገድ ያለው ርቀት አብሮ ይጻፋል። ጎረቤት ቀበሌዎች እያንዳንዳቸው የሠሩትን ንድፍ አምጥተው ጎን ለጎን ሲያነጥፉት፣ ጥላው የት እንደሆነና የትኛው ሸንተረር ብዙ መንደር እንደሚያይ ያለ ብዙ ክርክር ይገለጣል። አረጋውያንና እረኞች በዚህ ሥራ ሊዘነጉ አይገባም። ከየት ላይ የትኛው መንደር እንደሚታይ ከእረኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው ሥራ የጋራ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ጥያቄው በወረዳው አስተዳደር በኩል ለሁለቱም ድርጅቶች ቢቀርብ ይመረጣል። ንድፉ፣ የሕዝቡ ቁጥርና ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ቦታዎች አብረው መቅረብ አለባቸው። አንድ ቦታ ብቻ አቅርቦ «ካልሆነ አንቀበልም» ማለት በር መዝጋት ነው።

ሦስተኛው የመሬቱ ጉዳይ ነው። ብዙ አለመግባባት የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። የተመረጠው ቦታ የግል ይዞታ ከሆነ ገበሬው «ለልማት ነው» ተብሎ በዝምታ እንዲያልፍ መገፋት የለበትም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ታይቶ፣ ቦታው ተለክቶ፣ የሚገባው ካሳ ወይም ኪራይ በራሱ ስም በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል። ቦታው የጋራ ግጦሽ ከሆነ ተጠቃሚዎቹ በጉባኤ መስማማታቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የሚገኘውም ገቢ ለማን ገቢ እንደሚሆን አስቀድሞ ይወሰን። ዛሬ በቃል የታለፈ ነገር ነገ ፍርድ ቤት ይወስዳል፤ ባለ ይዞታው የተከፋበት ማማም ተግባቢ ጎረቤት የለውም።

አራተኛው ጉልበት ነው። መኪና ወደማይወጣበት ሸንተረር ብረት፣ ሲሚንቶና ባትሪ ማድረስ ከባድ ወጪ ነው። ቀበሌዎቹ በደቦ የመኪና መንገድ ለመጥረግ፣ ድንጋይና አሸዋ ለማቅረብ ዝግጁ መሆናቸውን በጥያቄያቸው ላይ ቢገልጹ የድርጅቱ ሸክም ይቀልላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

አቋራጭ የሚመስለው ጥፋት

ማማው ሲዘገይ በአንዳንድ ከተሞች ገበያ «ኔትወርክ ማጉያ» የሚባል መሣሪያ ገዝቶ መትከል እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። መሣሪያው በአንድ አንቴና ደካማውን ሞገድ ተቀብሎ፣ አጉልቶ በሌላ አንቴና ይለቀዋል። በፈቃድና በባለሙያ ሲተከል የሚጠቅም ነው። ያለ ፈቃድና ያለ ዕውቀት ሲተከል ግን የሚለቀው ሞገድ ተመልሶ ወደ ተቀባዩ አንቴና ይገባል፤ ያንኑ እንደገና ያጎላል። በሠርግ ቤት ማይክራፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት የሚፈጠረው በዚሁ ዓይነት ነው። ይህ ጩኸት በጆሮ አይሰማም፤ የሩቁ ማማ ግን ይሰማዋል። ከዚያም የሌሎች መንደሮች ስልክ ድምፅ በጩኸቱ ውስጥ ይሰጥማል። አንድ ሱቅ ኔትወርክ አገኘሁ ሲል አሥር መንደር ያጣል።

በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገድን አጠቃቀም እንዲቆጣጠር ሥልጣን ተሰጥቶታል። ስለዚህ በማኅበር ገንዘብ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ድርጅቱንና ባለሥልጣኑን መጠየቅ ግዴታ ነው። «አውቃለሁ» የሚል ሻጭ የሰጠው ቃል ፈቃድ አይሆንም።

ማማው እስኪመጣ ድረስ

ይህ ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ያለውን ደካማ ሞገድ በአግባቡ መጠቀም ይቻላል። የቆርቆሮ ቤት ሞገድን ይመልሳል፤ ስለዚህ ስልክ ከቤት ውጭ ወይም ማማው ወዳለበት አቅጣጫ በሚከፈት መስኮት አጠገብ ይሻለዋል። የባሕር ዛፍ ደን ሲያድግና ቅጠሉ በዝናብ ሲርስ ሞገዱን ያዳክማል። አምና ይይዝ የነበረ ስልክ ዘንድሮ እምቢ ካለ በመሀሉ የበቀለውን ዛፍ መመልከት ተገቢ ነው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ትውልድ የሚይዝ ስልክ ያለው ሰው በሩቅ አካባቢ ስልኩን ወደ ሁለተኛው ትውልድ፣ ማለትም ወደ ቱጂ ቢያስተካክለው፣ ብዙ ጊዜ ለመነጋገር የተሻለ ይሆንለታል። ሞገድ ፍለጋ የሚባዝን ስልክ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ኔትወርክ በሌለበት ስልኩን ዘግቶ ማቆየት ለክፉ ቀን ባትሪ ያተርፋል።

ከሁሉ በላይ ግን የታወቀችው የኔትወርክ ጉብታ በሥርዓት ልትያዝ ትችላለች። የፀሐይ መከላከያ ዳስ፣ መቀመጫ ድንጋይ፣ ለሌሊት መውጫ የተጠረገ መንገድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በየጎጡ የመውለጃ ጊዜያቸው የደረሰ እናቶች በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተመዝግበው፣ በእነዚያ ሳምንታት ለጉብታው ቅርብ የሆነ አንድ ቤት ስልኩን ሞልቶ በተራ እንዲያድር ማድረግ ይቻላል። ከገደሉ ሥር በፋኖስ ወይም በእጅ ባትሪ ምልክት ሲሰጥ ላይኛው ቤት ይደውላል። ይህ የማማ ምትክ አይደለም። ነገር ግን ከአንድ ሰዓት የጨለማ ዳገት ያድናል፤ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የሰው ሕይወት አለ።

ከተተከለ በኋላስ?

ማማ ከቆመ በኋላ ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው መሪዎች አሉ። ማማው ያለ ኃይል ብረት ነው። በሶላር፣ በባትሪ ወይም በናፍጣ ጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል አሥራ ምናምን መንደር በአንድ ሌሊት ዝም ይላል። ባትሪው ለቤት መብራት፣ ናፍጣው ለወፍጮ ተብሎ ሲሰረቅ፣ የተሰረቀው የድርጅቱ ንብረት ብቻ አይደለም፤ የራስ ስልክ ነው። ከማማው ወደ መሬት የሚወርደው የመዳብ ሽቦ ደግሞ መብረቅን ወደ መሬት የሚያሰርግ ነው። ለጥቂት ብር ተብሎ ሽቦው ተቆርጦ የተወሰደ እንደሆነ፣ በመጀመሪያው የክረምት ነጎድጓድ መሣሪያው በሙሉ ሊቃጠል ይችላል። ሕዝቡ «ማማ መብረቅ ይስባል» እያለ የሚፈራውን አደጋ የሚጠራው ሽቦውን የቆረጠው እጅ ነው።

ስለዚህ የተጠቃሚ ቀበሌዎች የጋራ የጥበቃ ኮሚቴ ሊያቋቁሙ ይገባል። ጥበቃው ማማው ላለበት ቀበሌ ብቻ የሚተው ሸክም መሆን የለበትም። ከኮሚቴው ውስጥ አንድ ሰው ኔትወርኩ የጠፋበትን ቀንና ሰዓት፣ የተመለሰበትንም በደብተር እየመዘገበ ለድርጅቱ ቢያሳውቅ ጥገናው በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ይጠየቃል። በማማው ዙሪያ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል መስማማትም የዚሁ ጥበቃ ክፍል ነው። በሌላ በኩል ድርጅቶቹ ለጥበቃ የሚቀጥሩት ሰው ከአካባቢው እንዲሆን፣ ደመወዙም በወቅቱ እንዲከፈለው መሪዎች ያለ ማመንታት መጠየቅ አለባቸው። ያልተከፈለው ዘበኛ ሌባን አይከለክልም።

እነዚህ ሁሉ ሲሟሉም እያንዳንዱ ገደልና ሸለቆ በአንድ ጊዜ ኔትወርክ ያገኛል ማለት አይደለም። ከሸንተረሩ ማማ የማይታዩ ጎጦች ይኖራሉ፤ ለእነርሱ ሁለተኛ አነስተኛ ማማ መጠየቅ ያስፈልግ ይሆናል። በንድፉ ላይ የተመዘገበ ጥላ ግን ባይበራም አይረሳም። መጀመሪያ ያገኙት ጎረቤቶች ቀጥሎ ላላገኙት አብረው እንዲፈርሙ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ መስማማት ተገቢ ነው። ይህ ስምምነት ከሌለ ዛሬ አብረው የጠየቁት ነገ ይለያያሉ።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ባለፉት ዘመናት በጋራ እርከን ሠርተዋል፣ ምንጭ አጎልብተዋል፣ ትምህርት ቤት አቁመዋል። ውሃ ከላይኛው ቀበሌ ፈልቆ የታችኛውን ሲያጠጣ «የማን ውሃ ነው?» ከሚለው ክርክር መውጣት የቻሉት ተቀምጠው በመነጋገር ነው። የስልክ ሞገድም እንዲሁ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሀብት ነው። በዚህ በጋ፣ መኸሩ ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የጎረቤት ቀበሌዎች መሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በአንድ ሸንተረር ላይ ቢገናኙና ከዚያ ላይ የሚታዩትን መንደሮች ቢቆጥሩ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ከሸንተረሩ ላይ ሆነው ሲቆጥሩም ከሚታዩት ይልቅ የማይታዩትን አስቀድመው ይመዝግቡ።